ደንገልና ሌሙር የተነጻጸሩ ዕለት

ስሙን የማልነግራችሁ አንድ አገር አለ። ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ «ኧረ ይሄ የእኛው ነው!» ትላላችሁ፣ ግማሾቻችሁ ደግሞ ትቀየሙኛላችሁ፤ ስለዚህ ስሙ ይቅር። እኔ እዚያው ተወልጄ እዚያው ጥርሴን የጨረስኩ ሽማግሌ ነኝ። የምነግራችሁን በሰው አፍ አልሰማሁትም፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። የማያምነኝ ካለ ከወዲሁ ይነሳና ይሂድ፤ መሐል ላይ የሚያቋርጠኝ ሰው አልወድም።

በዚያ አገር ነፍስ ያለው ነገር ሁሉ ሁለት ወረቀት ነበረው። አንደኛው የወገን ወረቀት ይባላል። ዕፅ ነህ ወይስ እንስሳ፣ አከርካሪ አለህ ወይስ የለህም፣ ጡት ጠብተህ አደግህ ወይስ ከእንቁላል ወጣህ፣ የማን ዘመድ ነህ፣ ይህ ሁሉ ተዘርዝሮ ይጻፍበታል። ሁለተኛው የዕጣ ወረቀት ነው። ስንት እንደቀረህ ተቆጥሮ «ሊጠፋ የተቃረበ» ወይም «የሚያሰጋ» ወይም «የማያሳስብ» ትባላለህ። ሊጠፋ የተቃረበ ቀይ ጥብጣብ ይታሰርለታል፣ ዘበኛም ይቆምለታል። የሚያሰጋው ቢጫ ያስራል። የማያሳስበው ምንም አያስርም፤ ያገኘው ሁሉ ይረግጠዋል።

ይህን ሁሉ የሚጽፈው የመደብ ቤት ነው፤ አለቃውም ሊቀ መደብ ተድባበ። ሹማምንቱ ሥራቸውን እንዴት አጥብቀው እንደያዙት ልንገራችሁ። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ሳሉ ዝንብ ገባችና የሊቀ መደቡ አፍንጫ ላይ አረፈች። ወረቀቷ ተፈልጎ ዕጣዋ እስኪታወቅ ማንም እጁን እንዳያነሳ ተባለ። ጸሐፊዎቹ ከጠዋት እስከ ቀትር መዝገብ ሲያገላብጡ ዋሉ። ዝንቧ ገና ድሮ ሄዳለች፤ ሊቀ መደቡ ግን ትእዛዙ አልተነሳምና አፍንጫው እየበላው ሳያክ ተቀመጠ። መቼም ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ሰውም ወረቀት ነበረው። እኛ የረግረጉ ዳር ሰዎች አርባ ቤት ነበርን፤ የሁላችንም ወረቀት «የማያሳስብ» ይላል። አንዱ ቢሞት ሌላ ይወለዳል ብለው ነው መሰለኝ። እኛም አልከፋንም፣ ምን ቸገረን! ረግረጉ ነበረን። ውሃው ውስጥ የሚበቅለውን ባለ ረዥም አገዳ ደንገል እያጨድን፣ እያደረቅን፣ ታንኳ እናስርበታለን፣ ምንጣፍ እንሠራበታለን፣ ቤት እንከድንበታለን። ዓሣው የሚፈለፈለው በደንገሉ ሥር ነው። ከባለ ታንኳዎቹ ሁሉ ደግሞ እንደ እትዬ አንጓች የሚያስር አልነበረም። የሟች ታላቅ ወንድሜ ሚስት ናት። ረዥም፣ ቀጥ ያለች፣ ምላሷ የማይታጠፍ ሴት ነበረች፤ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ሰድባኛለች።

ታዲያ አንድ ዓመት ከባሕር ማዶ ያለ ንጉሥ ለእኛ ንጉሥ ዐሥራ አንድ እንስሳት በስጦታ ላከ። ሌሙር ይባላሉ። ዓይናቸው ጉልህ፣ ፊታቸው ሾል ያለ፣ ጅራታቸው ጥቁርና ነጭ ቀለበት ቀለበት ያለበት ነው። ጠዋት ጠዋት ቁጢጥ ይሉና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ሆዳቸውን ለፀሐይ ይሰጣሉ። ሹማምንቱ ይህን ሲያዩ «ይጸልያሉ! ይጸልያሉ!» ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጠባቂያቸው ይልቃል የሚባል ደግ ሰው ነበር። «ኧረ ጌቶቼ፣ በርዷቸው ነው፤ ፀሐይ እየሞቁ ነው» ቢል ማን ይስማው። ወዲያው «ዘመደ ሰው» የሚል የወገን ወረቀት ተጻፈላቸው፤ ቀይ ጥብጣብም በየአንገታቸው ታሰረ።

ቤተ መንግሥቱ ብርዳም ነውና እንስሳቱ ማሳል ጀመሩ። ደረቅና ፀሐያማ ቦታ ይፈለግ ተባለ። ከረግረጋችን ማዶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የማይለየው ደረቅ ኮረብታ አለ። ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ኮረብታው ግን የሊቀ መደቡ አማች ርስት ነው። ስለዚህ ረግረጉ ይድረቅና ለሌሙሮቹ ይሰጥ ተባለ። ደረቁን መሬት ትቶ እርጥቡን ማድረቅ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው። የውሃ መውረጃ ቦዩን የሚቆፍረውም ሌላ ሰው አልነበረም፤ እኛው ነን፣ ከየቤቱ ሁለት ሁለት ሰው።

ረግረጉ ደረቀ ማለት አርባው ቤት ተበተነ ማለት ነው። ይህን ለመረዳት መማር አያስፈልግም። ሽማግሌዎቻችን ተሰብስበው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ ልጆቻችንን ይዘን ወደ ከተማ እንሂድ» አሉ። እትዬ አንጓች ግን «መጀመሪያ ንጽጽሩን እንስማ» አለች።

ንጽጽር የዚያ አገር ትልቁ ሥርዓት ነው። ሕጉ «ሁለት ፍጡራን በአንድ ቦታ ቢጣሉ፣ ሁለቱም ሙሉ አካላቸው ሳይጎድል በበርጩማ ላይ ይቅረቡ፤ ወገናቸውና ዕጣቸው ይነበብ፤ የበለጠው ቦታውን ይውሰድ» ይላል። ድንኳኑ ረግረጉ ዳር ተተከለ፣ ምንጣፍም ተነጠፈበት። በአንደኛው በርጩማ ላይ ሌሙሮቹን የምትመራው አሮጊት ሌሙር በሐር ትራስ ላይ ተቀመጠች፤ ይልቃል ከአጠገቧ ቆመ። በሁለተኛው በርጩማ ላይ አንዲት የተቆረጠች የደንገል አገዳ በቅል ውሃ ተነክራ ቆመች።

ሊቀ መደቡ ማንበብ ጀመረ።

«ሌሙር። ወገኑ እንስሳ!» ሹማምንቱ አጨበጨቡ። «ባለ አከርካሪ!» አጨበጨቡ። «አጥቢ! አምስት ጣት ያለው! ዘመደ ሰው!» አንዱ ሹም እንባውን ጠረገ። «በአገራችን ያለው ቁጥር ዐሥራ አንድ። ዕጣው ሊጠፋ የተቃረበ።»

ትንሽ ሳል አለና ወረቀቱን ገለበጠ። «ደንገል። ወገኑ ዕፅ።» ማንም አላጨበጨበም። «አከርካሪ የለውም። ጡት አልጠባም። ውሃ ውስጥ የሚቆም፣ የቄጠማ ዘመድ። ቆጣሪዎቻችን ሃያ ቀን ቆጥረው ያገኙት ሦስት መቶ ሺህ ከስድሳ አንድ። ዕጣው የማያሳስብ።»

ከዚህ በኋላ «ተቃዋሚ አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። አጠያየቁ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ሊቀ መደቡ ለሕዝቡ ጀርባውን ይሰጥና ይጠይቃል፤ እስከ ሦስት ይቆጥራል፤ ይዞርና «የለም» ብሎ ማኅተሙን ያሳርፋል። ከአያቶቻችን ጊዜ ጀምሮ የመለሰ ሰው አልነበረም።

«ተቃዋሚ አለ? አንድ፣ ሁለት…»

«አለ!» አለች እትዬ አንጓች።

ሊቀ መደቡ ጀርባውን እንደሰጠ ደርቆ ቀረ። «ማነው እሱ?»

«ይዙሩና ይዩኛ ጌታዬ። ከጀርባዎ ጋር ልነጋገር እንዴ?»

እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ሳቄ ነው የመጣው፣ ፍርሃቴም አብሮ። ሰውየው ቀስ ብሎ ዞረ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምንድን ነሽ?»

«ታንኳ ሠሪ ነኝ።»

«ዕጣሽስ?»

«የማያሳስብ ይላል። የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ እኔማ ራሴን ሳስብ ነው የኖርኩት።»

«ተናገሪ። አጭር ይሁን።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው ጌታዬ። ያ በርጩማው ላይ ያቆማችሁት ደንገል አይደለም። የደንገል ጣት ነው፣ ቆርጣችሁ ያመጣችሁት። ሌሙሯ ሙሉ አካሏን ይዛ ቀርባለች፤ ደስ ትላለች፣ ምንም አልጎደላትም። ጅራቷን ብቻ ቆርጣችሁ ብታስቀምጡት ኖሮ ሌሙር ትሉት ነበር?»

ይልቃል ደንግጦ የእንስሳዋን ጅራት በሁለት እጁ ያዘ።

«ሕጉ ሙሉ አካል ይላል» አለች። «ደንገሉም ሙሉ አካሉ ይምጣ።»

ሹማምንቱ ተንሾካሾኩ፤ መጽሐፉ ተገለጠ። እውነትም ሕጉ እንዲያ ይላል። ሊቀ መደቡ ሳቅ አለና «ይምጣ እንጂ! አንድ ሣር ማምጣት ያቅተናል?» አለ። አራት ወታደሮች ወደ ረግረጉ ወረዱ። አንዷን አገዳ ይዘው ሳቡ፤ አልመጣችም። ደግመው ሳቡ፤ አንዱ በአፍጢሙ ተደፋ።

ያን ጊዜ እትዬ አንጓች ወደ እኛ ዞረች። «ምን ትገተራላችሁ? ጌታዬ ይምጣ ብለዋል፣ አልሰማችሁም?»

ደንገልን የማያውቅ ሰው እያንዳንዱ አገዳ ለብቻው የቆመ ይመስለዋል። እኛ ግን ስንረግጠው ነው የኖርነው። ከታች እንደ ክንድ የወፈረ ሥር ከሥር ጋር ተጠላልፎ እንደ ምንጣፍ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ አገዳው ሁሉ የሚበቅለው ከዚያ ነው። ገመድ አሰርንበት። አርባው ቤት፣ ወንዱም ሴቱም፣ «ሆ!» እያልን ሳብን። መጀመሪያ ምንም አልሆነ። ቀጥሎ ረግረጉ ተነቃነቀ፤ አዎ፣ ዳርቻው በሙሉ ወደ እኛ መምጣት ጀመረ። አገዳው ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ ወፎቹ ላዩ ላይ እየጮሁ፣ ጭቃውና ውሃው አብሮ እየፈሰሰ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ምንጣፉ ዋኘ። እንቁራሪቶች በሹማምንቱ እግር መሐል ዘለሉ፤ ጸሐፊዎቹ «ወረቀታቸው! ወረቀታቸው የት አለ?» እያሉ መዝገብ ፍለጋ ተሯሯጡ። ሌሙሯ የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ወጣች። ሊቀ መደቡም በርጩማው ላይ ወጣ።

«ይብቃ! ጫፉ የታለ?»

«ገና ነው ጌታዬ፣ ሳቡ!» አለች እትዬ አንጓች።

«ጫፉ የት ነው ብዬሻለሁ!»

«እኛም አናውቀው። አባቶቻችንም ጫፉን ሳያዩ ነው የሞቱት።»

ገመዱን ለቀን ቆምን። እሷ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ድረስ ውጧት መሐል ላይ ቆማለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እንግዲህ ይቁጠሩት» አለች። «ቆጣሪዎችዎ ሦስት መቶ ሺህ ያሉት አገዳውን ነው። ፀጉሬን ቆጥራችሁ ስንት ሴት ናት ልትሉ ነው? ሥሩ አንድ ነው። ሌሙሮቹ ዐሥራ አንድ ናቸው፣ እግዜር ያብዛቸው፤ ምንም አልበደሉኝም። የኛ ግን አንድ ብቻ ነው። ይህ ከደረቀ ሌላ የለም። በሉ ፍረዱ፤ ቀዩ ጥብጣብ የማን ነው?»

እውነት እላችኋለሁ፣ ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ። ከሹማምንቱ አንዱ እንኳ ሳያውቀው ራሱን ነቀነቀ። ሊቀ መደቡ ግን ጥቂት አሰበና እንዲህ አለ፦ «መዝገቡ ታትሟል። የታተመ መዝገብ አይሳሳትም። የተሳሳተው ደንገሉ ነው።»



«ስለዚህ» አለ በርጩማው ላይ እንደቆመ፣ «ደንገሉ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይታረም። እያንዳንዱ አገዳ ከሥሩ ተቆርጦ ለብቻው ይቁም፤ ቁጥሩም ከመዝገቡ ጋር ይስማማ። የሚቆርጡት የረግረጉ ዳር ሰዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ቦዩ ይቆፈራል።»

እትዬ አንጓች ማጭዷን ከወገቧ መዘዘች። ወታደሮቹ ወደ ኋላ አሉ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ በሊቀ መደቡ በርጩማ ሥር አስቀመጠችው።

«ሳጭድ የኖርኩት ተመልሶ እንዲበቅል ነው» አለች። «ሥር ቆርጬ አላውቅም፤ አልቆርጥምም። እርስዎ ይቁረጡት።»

«ጻፍ!» ብሎ ጮኸ ሊቀ መደቡ። «አንጓች፣ ታንኳ ሠሪ። ከዛሬ ጀምሮ የጠፋች!»

ይህ አራተኛው ዕጣ ነው፤ እስከዚያ ቀን በወሬ እንጂ በዓይናችን አይተነው አናውቅም። በዚያ አገር «የጠፋ» ተብሎ የተጻፈ ፍጡር የለም ማለት ነው። የመደብ ቤትም ሆነ ሹም ለሥራ አይጠራውም፣ አይከሰውም፣ አይቀጣውም፤ የሌለ ነገር ምን ይደረጋል? ግን ማንም አይሸጥለትም፣ አይገዛውም፣ ሰላምታውን አይመልስለትም። የመለሰለት አብሮ ይጠፋል። ወረቀቷን ከእጇ ተቀብለው እፊቷ ቀደዱት። እሷም ጭቃዋን ከእግሯ ጠርጋ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቅዳሜ ገበያ ሆነ። ገበያችን ውሃው ዳር ነው። ከመደብ ቤት ጠረጴዛና መዝገብ የያዘ አንድ ጸሐፊ ልከው መሐል ላይ አስቀመጡት። እትዬ አንጓች እንደ ሁልጊዜዋ በታንኳዋ መጣች፣ አሰረችው፣ ወጣች።

«እንዴት አደራችሁ?» አለች።

 ዓሣ ሻጩ ዓሣውን ያያል፣ ምንጣፍ ሻጯ ምንጣፏን ታያለች። እኔ ከእሷ ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። ፈራሁ። ዋሽቼ ምን ልጠቀም? ልጆች አሉኝ፣ ታንኳ አለኝ፤ ጸሐፊው ብዕሩን ነክሮ አፍ አፋችንን ያያል። ይህች ሴት ወንድሜ ሲሞት እኔን አጽናንታ ያነሳች ሴት ናት፤ እኔ ግን እግሬን አየሁ።

«እንዴት አደራችሁ ነው የምለው» አለች ደግማ። ድምፅዋ አልተለወጠም። ዓይኗ ግን፣ እኔ አውቀዋለሁ፣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

እንዴት እንደወጣኝ እንጃ። «እግዚአብሔር ይመስገን!» አልኩ። «አንቺስ እንዴት አደርሽ፣ እትዬ አንጓች?»

ጸሐፊው ስሜን ጠይቆ ጻፈ፦ የጠፋ። ቀለሙ ሳይደርቅ ዓሣ ሻጩ «ደህና አደርሽ እትዬ? አንተስ ደህና አደርክ?» አለን። ተጻፈ። ምንጣፍ ሻጯ የሁላችንንም ስም እየጠራች፣ ከነልጆቻችን፣ ከነፍየሎቻችን ሰላም አለችን። ተጻፈች። ከዚያማ ማን ይመልሰው! ሰው ከቤቱ እየወጣ ይሳሳማል፣ «እንዴት አደራችሁ» ያልተባለ ሕፃን አልቀረም። ሊሞቱ የሚያጣጥሩ አባ ቦጋለ እንኳ «እኔን ሳታጠፉኝ እንዳልሞት» ብለው በቃሬዛ መጡ። ጸሐፊው ቀትር ላይ እጁ ዝሎ ብዕሩን ጣለ። አንዲት ሴት አዝና ውሃ ሰጠችው። ጠጣና፣ ልማድ ነው መቼም፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አላት። ካለ በኋላ አፉን በእጁ ያዘ፤ ከዚያ ብዕሩን አንስቶ የራሱን ስም ጻፈ።

በሠላሳኛው ቀን አዋጅ ነጋሪ መጣና «ሥር ቆራጭና ቦይ ቆፋሪ ከየቤቱ ሁለት ሁለት ሰው ይውጣ!» አለ። ሊጠራን መዝገቡን ገለጠ። የጠፋ፣ የጠፋ፣ የጠፋ፣ የጠፋች። የሚጠራው አንድ ሰው አጣ። ወታደሮች ሥሩን ራሳቸው እንዲቆርጡ ተላኩ፤ የት እንደሚረገጥ አያውቁምና እስከ ብብታቸው ሰመጡ። በታንኳ ሄደን አወጣናቸው፤ አመሰገኑን፤ እነሱም ጠፉ። አንዱ እስከ ዛሬ ጎረቤቴ ነው፣ ጥሩ ዓሣ አጥማጅ ወጥቶታል።

በመጨረሻ ሊቀ መደቡ ራሱ መጣ። አርባው ቤት ሙሉ ለሙሉ ውሃው ዳር ወጥተን ቆመናል። ደንገሉ ከኋላችን ነው። ሊያስር ቢል የምንታሰር ሰዎች የለንም፤ ሊከስ ቢል ስማችን የተሰረዘ ነው፤ ያሰረዘውም እሱ። ማኅተሙ ያለው በእሱ እጅ ነው፤ ግን የታተመ መዝገብ አይሳሳትም ብሎ የተናገረው ማን ሆነና? ፊት ለፊታችን መጥቶ ቆመ።

እትዬ አንጓች ወደ ፊት ወጣች። እጅ ነሣችና «እንዴት ሰነበቱ፣ ጌታዬ?» አለች። ሁላችንም ተከትለን፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ «እንዴት ሰነበቱ?» አልነው።

ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ሰው ነውና ሰላምታ ሲሰጡት መመለስ ያምረዋል። ግን አፉን ገጥሞ በቅሎውን አዞረ፤ አልተመለሰም። ይልቃል በዚያው ሳምንት ማንንም ሳያስፈቅድ ሌሙሮቹን ደረቁ ኮረብታ ላይ አወጣቸው፤ ሳላቸው ለቀቃቸው፣ ወለዱም። የሊቀ መደቡ አማች እስከ ዛሬ አኩርፏል።

ረግረጉ አልደረቀም። ደንገሉ መዝገብ ላይ አሁንም ሦስት መቶ ሺህ ከስድሳ አንድ ነው፤ ማንም ቀይ ጥብጣብ አላሰረለትም። እትዬ አንጓች አርጅታ በአልጋዋ ላይ ሞተች፤ ሞቷን የመዘገበ የለም፣ የቀባሪዋ ሰልፍ ግን ከውሃው እስከ ኮረብታው ደርሷል። ዛሬ እኛ ሰማንያ ሦስት ቤት ነን። እናርሳለን፣ እናጠምዳለን፣ እንጋባለን፣ እንጣላለን፣ እንታረቃለን። በዚያ አገር መንገድ ብታልፉ ማንንም ጠይቁ፤ እዚያ ረግረግ ዳር ሰው የለም ይሏችኋል። እናንተ ግን ጎራ በሉና ሰላም በሉን፤ ይኸው ጠፍተን እየኖርን ነው።